ለመርከብ ያልበቃው ጨርቅ

በ2014 ዓ.ም. ክረምት፣ ፍልሰታ በገባ ሰሞን፣ እትዬ አንጓች አረፉ። ያረፉት ሞጣ፣ በእኔ ግቢ፣ ከጓሮ ባለችው ክፍል ውስጥ ነው። ማለዳ ሙቅ ውሃ ይዤ ስገባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አገኘኋቸው። ጠራኋቸው። አልመለሱልኝም።

ስለ እርሳቸው ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አስቤ ትቼዋለሁ። የጽሑፍ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ልጄ ትዕግስት ዛሬ አጠገቤ ያለችው፣ ከእግዚአብሔር በታች፣ በእርሳቸው ምክንያት ነው። ይህን ሳልናገር ብቀር ደግ አይሆንም።

እትዬ አንጓች የብቸና ሰው ናቸው። ብቸና ከሞጣ ያን ያህል ሩቅ አይደለም፤ ጠዋት መኪና የያዘ ሰው ምሳውን እዚያ ይበላል። እርሳቸው ግን ከዐረብ አገር ከተመለሱ በኋላ ብቸናን አንድም ቀን አልረገጡም። እዚያ አንዲት አብሮ አደግ ነበረቻቸው፤ ወይዘሮ ይታይሽ ይባላሉ። እትዬ አንጓች ፊታቸውን ለማየት የሚናፍቁትም፣ የሚፈሩትም እኒህን ሴት ነበር። እኔ ይህን ያወቅኩት አብረን ብዙ ከቆየን በኋላ ነው።

መጀመሪያ የመጡት ተከራይ ሆነው ነው። የልጆቼ አባት ካረፉ ወዲህ የጓሮዋን ክፍል አከራይ ነበር። አንድ ሻንጣና አንድ ባና ይዘው መጡ። በሩ ላይ ቆመው ቀና ብለው ኮርኒሱን አዩ። ኮርኒሱ እንደ ሰፈሩ ሁሉ የማዳበሪያ ከረጢት ተተርትሮ፣ እንደገና ተሰፍቶ የተወጠረ ነው።

«ይኼን ማን ወጠረው?» አሉኝ።

«የልጆቼ አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና።»

«እጃቸው ይባረክ። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው። ልጆቹ የሚተኙበትም እንዲሁ ነው?»

«አዎ።»

«ላውርደው?»

«ምን አሉኝ?»

«ኮርኒሱን ነው። ላውርደው ወይ?»

ተከራይ ገና ዕቃውን ሳያስቀምጥ ኮርኒስ ላውርድ ሲል ሰምቼ አላውቅም። እርሳቸውም አልተጫኑኝም። ጓሮ ወድቆ የነበረ ቁራጭ ከረጢት አነሱ፤ በእንጨት ጫፍ አንጠለጠሉና ክብሪት ጫሩ። ከረጢቱ ተጨማደደ፤ ከዚያም እየነደደ ጠብ ጠብ ይል ጀመር። ጠብታው መሬት ከደረሰም በኋላ ይነድ ነበር።

«ይኼ ከላይ የሚወርድ የእሳት ዝናብ ነው» አሉ። «ልጆቹ ደግሞ ከሥሩ ናቸው።»

በዚያው ሳምንት የባሌን ስፌት በገዛ እጄ ፈታሁት። አላለቀስኩም አልልም። በምትኩ አቡጀዲ ወጠርን። እትዬ አንጓች ጀሶ በጥብጠው ደጋግመው ቀቡት፤ ሲደርቅ እንደ ግድግዳ ደነደነ። ከእሱም ቁራጭ አስቀርተው እሳት አስነኩትና አሳዩኝ። ጠቆረ፤ ከዚያ በራሱ ጠፋ።

«ይንጠባጠባል ወይስ ይጠፋል? ጥያቄው ይኼ ብቻ ነው» አሉ።

ሥራቸው ይህ ነበር። ዐረብ አገር በአንድ የወደብ ከተማ የመርከብ ክፍሎችን በሚያድስ ድርጅት ውስጥ ሠርተዋል። መርከብ ላይ እሳት ቢነሳ መሸሻ የለም፤ ዙሪያው ባሕር ነው። ስለዚህ መጋረጃው፣ ፍራሹ፣ የወንበሩ ልብስ፣ የግድግዳው ሽፋን ሁሉ እሳት የማይዘው መሆን አለበት። ሕግ ነው። እትዬ አንጓች መጀመሪያ መጋረጃ ሰፊ ነበሩ። በኋላ ዓይናቸው ሲታመንበት ወደ መፈተኛው ክፍል አዛወሯቸው። ከእያንዳንዱ ጥቅል ጨርቅ ቁራጭ ቆርጠው ይሰቅላሉ፤ ከሥሩ እሳት ያስነኩታል፤ እሳቱን ሲያነሱለት በራሱ ከጠፋ ያልፋል፤ ካልጠፋ ይጣላል።

ሰፈሩ ይህን ሲሰማ «ጨርቅ አቃጣይዋ» የሚል ስም አወጣላቸው።

«እትዬ አንጓች፣ እውነት በሰው አገር ጨርቅ ላቃጠለ ደመወዝ አለው?»

«አለው።»

«እኛ በነፃ ነዋ ስናቃጥል የኖርነው!»

አንድ ቀን ደግሞ የመርከቡ ግድግዳ ውስጥ ምን እንደሚጠቀጠቅ ሲያስረዱ፣ ድንጋይ ቀልጦ እንደ ጥጥ ይፈተላል አሉ። በሳቅ አለቅን። «እንግዲያ ሸማኔውም ዶማ ይያዝ!» አለች አንዷ ጎረቤት። እርሳቸውም አብረው ሳቁ። ሲስቁ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይሸፍኑ ነበር፤ እንደ ልጃገረድ።

ገበያ ሲወጡ የሚወዱት የሐጂ ሰይድን ሱቅ ነው። ሐጂ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ የሞጣ ሰው ናቸው። ገና ከሩቅ ሲያዩዋቸው ይጮኻሉ።

«መጣች! ክብሪቱን ከደጅ አስቀምጭና ግቢ!»

«አንድ ክር ብቻ ሐጂ።»

«ባለፈውም አንድ ክር ብለሽ ሱቄ የተቃጠለ ጠጉር ሲሸት ዋለ።»

«የሸተተው እኮ ደጉ ነው። ጠጉር የሚሸት ሱፍ ነው፤ ሱፍን እሳት ቶሎ አይዘውም። እኔን የሚያስፈራኝ ያ የሚያብረቀርቀው ነው።»

«ሰው የሚገዛኝ የሚያብረቀርቀውን ነዋ! ልትገዢ ነው የመጣሽ ወይስ ልትፈርጂ?»

እንዲህ እየተባባሉ ክሩን ራሳቸው ሐጂ መዝዘው ይሰጧቸዋል። እትዬ አንጓች በሁለት ጣታቸው ያሽከረክሩታል፤ ደጅ ወጥተው ያቃጥሉታል፤ አመዱን ያሸቱታል። እያደር ሐጂ ሰይድ ለልጆች መኝታ መጋረጃ የሚፈልግ ሰው ሲመጣ «ክብሪት የቀመሰውን ልስጥህ ወይስ ያልቀመሰውን?» ማለት ጀመሩ።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኝ ነበር። እትዬ አንጓች ቤተ ክርስቲያን አይቀሩም፤ ግን ከቅጥሩ በር ውጭ ቆመው ነው የሚያስቀድሱት። ዝናብም ቢሆን አይገቡም። የንስሐ አባትም አልያዙም።

«ለምን አይገቡም?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ከዚህም ይሰማኛል» አሉ።

ደግሜ አልጠየቅኳቸውም።

ምክንያቱን የሰማሁት በትዕግስት የተነሳ ነው። ልጄ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አልሆነላትም። ጓደኞቿ አንድ በአንድ ወደ ዐረብ አገር ሲሄዱ እሷም ልቧ ተነሳ። እኔም ሳወጣ ሳወርድ ቆይቼ አንድ ከሰዓት በኋላ እትዬ አንጓች ዘንድ ገባሁ። የልጆቼን ብርድ ልብስ ይጠግኑ ነበር።

«ያ የሠሩበት ቦታ አሁንም ሰው ይቀጥራል ይሆን?» አልኳቸው። «ትዕግስትን እንኳ በእርስዎ አደራ ብልካት...»

መርፌው እጃቸው ላይ ቆመ።

«አደራ አትበይኝ።»

«ምነው?»

«አንድ ጊዜ ተቀብያለሁ።»

ከዚያ ነገሩኝ። ወደ እኔ ሳያዩ፣ ብርድ ልብሱን እያዩ ነው የነገሩኝ።

ወይዘሮ ይታይሽ ብርቱካን የምትባል ልጅ ነበረቻቸው። እትዬ አንጓች ለዕረፍት ብቸና በመጡ ጊዜ፣ «ልጄ ልጅሽ ናት፤ አደራሽን» ብለው ሰጧቸው። ይዘዋት ሄዱ፤ እዚያው ድርጅት አስቀጠሯት። ሠራተኞቹ የሚያድሩት ከሥራው ቦታ ጀርባ፣ አልጋ በአልጋ ላይ በተደራረበበት ረጅም አዳራሽ ውስጥ ነው። ፈተና የወደቀ ጨርቅ ግቢው ውስጥ ይጣላል፤ ሠራተኛው የወደደውን ያነሳል። የሚከለክል አልነበረም።

«ቀይ አበባ ያለበት ጨርቅ ነበር» አሉ። «ለስላሳ ነው፤ ሲያዩት ደስ ይላል። ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። እንደ ሰም ነደደ። ለመርከብ አይሆንም ብዬ የጣልኩት እኔ ነኝ። ብርቱካን አየችውና ‹እትዬ፣ ለአልጋዬ መጋረጃ ይሁነኝ፤ ሌሊት ሠርቼ ቀን ስተኛ ብርሃኑ ያስቸግረኛል› አለችኝ። ሰፋሁላት። ጠርዙን ሁሉ አሳምሬ ሰፋሁላት።»

መርፌውን ብርድ ልብሱ ላይ ሰኩት።

«አንድ ቀን እረፋዱ ላይ ከአልጋዎቹ መካከል ኤሌክትሪኩ እሳት አስነሳ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ጭሱን ያየሁት በመስኮት ነው። ሌሎቹ ወጡ። እሷ መጋረጃውን ዘግታ ተኝታ ነበር።»

«ሳያውቁት ነው እኮ» አልኩ።

«አውቅ ነበር ሙሉዬ። ማወቅ ነበር ሥራዬ። ለመርከብ አይሆንም ያልኩት ለልጅ እንዴት ይሆናል ብዬ ግን አላሰብኩም። መርከቡ ሕግ ነበረው። የእኛ አልጋ ሕግ አልነበረውም።»

ብርቱካን እዚያው ተቀበረች። መርዶው ብቸና የደረሰው በሌላ ሰው አፍ ነው። መጋረጃው ምን ዓይነት ጨርቅ እንደነበረ ግን ለወይዘሮ ይታይሽ የነገራቸው የለም።

«እኔ ነኝ መንገር ያለብኝ» አሉ እትዬ አንጓች። «ፊቷ ቆሜ። ከዚያ የፈለገችውን ታድርገኝ። ሳልነግራት ከሞትኩ ፈጣሪ ፊት ምን ይዤ እቆማለሁ?»

ትዕግስት ከበሩ ውጭ ሆና ሰምታ ኖሯል። ስለ ዐረብ አገር ከዚያ ወዲህ አላነሳችም። በነጋታው ከእትዬ አንጓች አጠገብ ተቀምጣ መርፌ ያዘች። ዛሬ ሞጣ ውስጥ መጋረጃ ሰፍታ ታድራለች። እግዚአብሔር ይመስገን።

እትዬ አንጓች በየዓመቱ፣ ብርቱካን የሞተችበት ወር ሲደርስ፣ ማለዳ ለብሰው ብቸና እሄዳለሁ ብለው ይወጣሉ። ማታ ይመለሳሉ። «ደረሱ?» ስላቸው «ግንደወይን ላይ ወረድኩ» ይላሉ። ግንደወይን ገና መንገዱ ላይ ነው። አንድ ዓመት ብቻቸውን ከሚሄዱ ብዬ አብሬያቸው ሄድኩ። ግንደወይን ስንደርስ፣

«ወራጅ አለ!» አሉ።

«እማማ፣ ብቸና አይደል ያሉኝ?» አለ ረዳቱ።

«እዚህ ይበቃኛል ልጄ።»

ወርደን ከመንገዱ ዳር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ወደ ብቸና የሚሄዱት መኪናዎች በፊታችን ያልፋሉ። እትዬ አንጓች ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ያዩዋቸዋል።

«ልደውልላቸው?» አልኩ።

«በስልክ የሚነገር አይደለም። ቁጥሯን ግን ያዥልኝ።» በቃላቸው ነገሩኝ፤ በስልኬ መዘገብኩት።

«እንግዲያ እንሂድ። እኔ ከጎንዎ እቆማለሁ።»

«በሩን ብትዘጋብኝስ?»

«ትዝጋዋ። ደጁ ላይ ተቀምጠን እንጠብቃለን።»

«አንች የዋህ ነሽ ሙሉዬ» አሉ። የመጣንበትን መንገድ ተመለስን።

ከዚያ በኋላ ደረታቸው እየደከመ ሄደ። ሐኪም ቤት ወሰድናቸው፤ መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ጠበልም ቀመሱ። ክረምቱ ሲገባ ከአልጋ መውረድ አቃታቸው። «ዝናቡ ይውጣና ለመስቀል ብቸና እሄዳለሁ» ይሉኝ ነበር። መስቀልን አላዩትም።

ያረፉ ዕለት ዕድርተኛው ተሰበሰበ፤ ድንኳን ተተከለ። ሐጂ ሰይድ ነጭ አቡጀዲ ይዘው መጡ። በሩ ላይ ቆመው «ለመግነዟ ነው። ጥጥ ነው፤ እሷ የምታምነው» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ቄሱ ለፍትሐቱ የክርስትና ስማቸውን ጠየቁኝ። አላውቀውም ነበር። ትዕግስትም፣ ጎረቤትም የሚያውቅ ጠፋ። በዓለም ስማቸው እንጂ ሌላ ስም ጠርተናቸው አናውቅም።

«የንስሐ አባታቸውስ?» አሉ ቄሱ።

«አልነበሯቸውም አባቴ።»

«የሥጋ ዘመድስ?»

«ወላጆቻቸው አልፈዋል። ወንድም እህትም የላቸውም።»

«ቢጠፋ እንኳ መላ አይታጣም» አሉ። «ግን ነፍስ በስሟ ብትጠራ ይሻላል። የሚያውቅ ሰው ፈልጊ ልጄ።»

የሚያውቁት አንዲት ሴት ብቻ ነበሩ፤ አብሮ አደጋቸው ወይዘሮ ይታይሽ። ከድንኳኑ ወጥቼ ከቤቱ ጀርባ ቆምኩ። አማተብኩና ደወልኩ።

«ማን ልበል?» አለ የሴት ድምፅ።

«ከሞጣ ነው። ሙሉ እባላለሁ። ስለ እትዬ አንጓች ነበር።»

ከወዲያ በኩል ዶሮ ሲጮኽ ይሰማኛል።

«ሞተች?» አሉ።

«አዎ። ዛሬ ማለዳ።»

ስልኩን የዘጉት መሰለኝ።

«ስለ ማርያም ብለው አይቀየሙኝ» አልኩ። «ቄሶቹ የክርስትና ስማቸውን ፈለጉ። የሚያውቅ ሰው አጣን።»

«ይኼን ሁሉ ዓመት ከእናንተ ጋር ኖራ?»

«አልነገሩንም።»

ስሙን የማይሰጡኝ መሰለኝ። ቢከለክሉኝም አልፈርድባቸውም ነበር።

«ወለተ ሐና ናት» አሉ በመጨረሻ። «እናቷ እኔን ስትጠራኝ በዓለም ስሜ፣ እሷን ስትጠራት በክርስትና ስሟ ነበር።» ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «እስክደርስ አትቅበሯት። ሰምተሻል? እስክደርስ ቆዩኝ።»

ከሰዓት በኋላ ደረሱ። ቀጭን፣ ረጅም ሴት ናቸው፤ ጥቁር ለብሰዋል። ማንነታቸውን ከእኔ በቀር ያወቀ አልነበረም። አስከሬኑ አጠገብ ሄደው እጃቸውን በሳጥኑ ላይ አሳረፉ። አልጮኹም፤ ደረታቸውንም አልመቱም። አፈር ሲመለስ ብቻ፣ እንደተጠራ ሰው ድንገት አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዱና ቆሙ።

ማምሻውን ለቀስተኛው ሲቀንስ ወደ እትዬ አንጓች ክፍል አስገባኋቸው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ስለ ልጄ ምን ትልሽ ነበር?» አሉኝ።

መናገሩ የእኔ ድርሻ አልነበረም። ነገር ግን የሚናገር ሌላ ሰው አልቀረም። እትዬ አንጓች እንደነገሩኝ፣ አንድም ሳልጨምር፣ አንድም ሳልቀንስ ነገርኳቸው። ጨርቁን፣ ፈተናውን፣ መጣሉን፣ መሰፋቱን። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ።

«ቀይ አበባ ያለበት?» አሉ።

«አዎ።»

«አውቀዋለሁ። ፎቶ ልካልኝ ነበር። ከመጋረጃው ብቅ ብላ፣ ‹እትዬ አንጓች ሰፋችልኝ፤ የራሴ ቤት ያለኝ መሰለኝ› ብላኝ ነበር። በጣም ስቃ ነበር።» ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ያዙ። «ይኼን ነው ልትነግረኝ የፈለገችው?»

«በየዓመቱ ተነስተው ይሄዱ ነበር። ግንደወይን ሲደርሱ ይወርዳሉ።»

«ለምን?»

«በሩን ትዘጋብኛለች ብለው።»

ወይዘሮ ይታይሽ ቀና ብለው ወደ በሩ አዩ። ውጭ ዝናብ ጀምሮ ነበር።

«እዘጋባት ነበር» አሉ። «አልዋሽሽም። አንድ ዓመት እዘጋባት ነበር። ሁለተኛውንም እዘጋባት ይሆናል። ከዚያ ግን እከፍት ነበር። እስክከፍት ደጄ ላይ ብትቀመጥ ምን ነበረበት? ልጄን ከእኔ ሌላ የምታውቅልኝ እሷ ብቻ ነበረች። ማንን ይዤ ላልቅስ? መኪና በቆመ ቁጥር ወደ በሩ አይ ነበር እኮ።»

ከዚያ አለቀሱ። ያን ሁሉ ዓመት ያላለቀሱትን ነው ያለቀሱት። እጃቸውን ያዝኩ እንጂ አይዞዎት አላልኳቸውም። በዚያ አልጋ ላይ፣ በእትዬ አንጓች ባና፣ ጋደም አሉ።

በማግስቱ ማለዳ ለኪዳን ስነሳ፣ ወይዘሮ ይታይሽ ቀድመውኝ ለብሰው ደጅ ቆመዋል። ትዕግስትን ቀስቅሼ ሦስታችንም አብረን ሄድን። ጸሎቱ ሲያልቅ ሰዎች የሙታናቸውን ስም ለቄሱ ሊሰጡ ቆሙ። የወይዘሮ ይታይሽ ተራ ሲደርስ «ወለተ ሐና» አሉ። ጥቂት ቆዩና «ፍቅርተ ማርያም» አሉ፤ የብርቱካን የክርስትና ስም ነው። ቄሱ ሁለቱን ስም ባሉት ተራ ጠሩ። እኔም ከጎናቸው ሆኜ ግንባሬን መሬት አስነክቼ ሰገድኩ።